ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ምን ይላል?

ገበያ ወጥታ ምጣድ የምትገዛ እናት ምን እንደምታደርግ ሁላችንም አይተናል። ምጣዱን አንሥታ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጣት ወደ ዋጋ ክርክር ትገባለች፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጣት ደግሞ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም መልሳ ታስቀምጠዋለች። በቀድሞው ዘመን በአውሮፓ የባቡር ጣቢያዎችም እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ የያዙ ሠራተኞች የቆመውን ባቡር መንኮራኩር አንድ በአንድ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ዘዴው ያው የእናቶቻችን ዘዴ ነው።

ምጣዱ ከተገዛ በኋላ ግን ማን ያንኳኳዋል? በየቀኑ እሳት ላይ እየተጣደ፣ እየሞቀ እየቀዘቀዘ፣ አንድ ቀን እንጀራው ሳይበስል ለሁለት ይከፈላል። የማሽን ዕቃም እንደዚሁ ነው። አዲስ ሲሆን ይመረመራል፤ ሲሰበርም ይመረመራል። በመካከሉ ባለው ረጅም የሥራ ዘመን ውስጥ ዕቃው ያለበትን ሁኔታ ማወቅና ወደፊት ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት ይቻላል ወይ? በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብሁት ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብኝም፤ ነገሩ ወዲህ ነው።

እኔ ያደግሁት ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። አባቴ በናፍጣ የምትሠራ አንዲት ወፍጮ አለችው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም መካከል ከድንጋዩ ጩኸት በታች አንድ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሰማሁ። ለአባቴ ነገርሁት። «ዛሬ ደግሞ ዘፈን ጀመረች እንዴ!» ብሎ ሳቀና ኩሽኔታውን ግራሶ አጠጣው። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። «አየህ፣ ጠምቷት ነው» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ፉጨት አልነበረም፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ይመስላል። እንደገና ግራሶ፤ እንደገና ዝምታ። በዚያው ሰሞን ቺንጋው እየተንሸራተተ አስቸገረንና አባቴ አጥብቀው አለኝ። ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅሁት።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወፍጮ ቤቱ እስከ ደጁ ድረስ በእህል ተሞልቶ ሳለ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ማንም ሞተሩን ለማጥፋት ከመድረሱ በፊት ኩሽኔታው ነከሰና ዘንጉ ቆመ። ሞተሩ መጎተቱን አላቆመም፤ ቺንጋው ጨሰ፣ ከቦታው ወጣ፣ ተወንጭፎም የረዳታችንን ክንድ መታው። ሁለቱም የክንዱ አጥንቶች ተሰበሩ። ወፍጮዋ ለ11 ቀን ቆመች፤ አባቴ ለሕክምናው አንዱን በሬ ሸጠ። ረዳታችን ዛሬም ድረስ በዚያ እጁ ኩንታል አያነሣም። ሰዉ «የቀን ጉዳይ ነው» አለ። እኔ ግን ድምፁን ሰምቼ ነበር፤ ቺንጋውንም ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።

የወጣውን ኩሽኔታ ፈትተን ስናየው የውጭ ቀለበቱ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሏል፤ በየቦታው ተፈልፍሏል። ብዮቹ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል፤ ግራሶው ከዱቄት ጋር ተቦክቶ ጠጥሯል። ያኔ ያልገባኝ አሁን ገብቶኛልና ላስረዳ።

ብረት ይደክማል። አንድ ቀጭን ሽቦ አንዴ ብታጥፉት አይሰበርም፤ እያመላለሳችሁ ብታጥፉት ግን ይበጠሳል። ይህን ለዓለም ያስተማረው የባቡር ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ ዘንግ ተሰብሮ ፉርጎዎቹ ተደራርበው ተቃጠሉ፤ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። ዘንጉ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጭነት አልተጫነበትም ነበር። ኋላም አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ዘንጎችን በማሽን እያሽከረከረ ሲፈትን፣ በአንድ ጊዜ ፈጽሞ የማይሰብር ጭነት በተደጋገመ ቁጥር ስንጥቅ እንደሚፈጥርና ስንጥቁም ቀስ በቀስ እንደሚያድግ አሳየ። ጭነቱ በበዛ ቁጥር ለመስበር የሚያስፈልገው የዙር ቁጥር ያንሳል። በኩሽኔታ ውስጥም ብዮቹ አንዷን ነጥብ በሰዓት በብዙ ሺህ ጊዜ ይጫኗታል፣ ይለቋታል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ከገጹ ሥር ይጀምርና ወደ ላይ ሲወጣ ቅርፊት ሆኖ ይላጣል። ፈንጣጣው ይኸው ነው።

እስቲ ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ሒሳብ የማትወዱ ጓደኞቼ አትሽሹ፣ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው። በካታሎግ የመሸከም አቅሙ 14 ኪሎ ኒውተን የተባለ ባለ ብይ ኩሽኔታ 1.4 ኪሎ ኒውተን ቢሸከም፣ 14 ለ1.4 ሲካፈል 10 ይሆናል። 10 በ10፣ እንደገና በ10 ሲባዛ 1,000 ይመጣል፤ ይህም 1,000 ሚሊዮን ዙር ማለት ነው። ዘንጉ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 90,000 ዙር ስለሚሆን፣ ዕድሜው ወደ 11,100 ሰዓት ይደርሳል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። አሁን ደግሞ ጭነቱን እጥፍ አድርጉት። 14 ለ2.8 ሲካፈል 5፤ 5 በ5 በ5 ሲባዛ 125። ዕድሜው ወደ ስምንተኛ እጅ ወረደ፤ ወደ 1,390 ሰዓት፣ በቀን 8 ሰዓት ሒሳብ ስድስት ወር እንኳ አይሞላም። ቺንጋ ሲጠብቅ ዘንጉን ወደ ጎን ይስባል፣ ያ መሳብ በሙሉ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት እርሳሱን አስቀምጬ ወጣሁ።

ታዲያ ስሌት ካለ ችግሩ ምንድን ነው? ኩሽኔታውን በስሌቱ ቀን መቀየር ነዋ! እንዲያ አይደለም። ሉንድበርግና ፓልምግሬን የተባሉት ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተሙት ይህ የስሌት መንገድ የሚሰጠን «ኤል አሥር» የሚባለውን ዕድሜ ነው። ትርጉሙም ከ100 ተመሳሳይ ኩሽኔታዎች 90ዎቹ ከዚያ ዕድሜ ያልፋሉ፣ 10ሩ ግን ከዚያ በፊት ይበላሻሉ ማለት ነው። በእጄ ያለው ከ90ዎቹ ነው ወይስ ከ10ሩ? ካታሎጉ አይነግረኝም። በክፍላችን ከአንድ ጥቅልል ሽቦ 20 እኩል ቁራጮች ቆርጠን፣ እያንዳንዱን እስኪበጠስ እያጠፍን ቆጥረን ነበር። አንዱ በ9 ተበጠሰ፤ አንዱ እስከ 17 ታገሠ። ሽቦው አንድ፣ እጁ አንድ፣ ውጤቱ ግን ልዩ ልዩ ነው። ወደፊት ይህን ሙከራ ለተማሪዎቻችሁ ብታሳዩ ገንዘብ አያስወጣም፤ ስለ አማካይ ቁጥርና ስለ ልዩነት ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራል።

ነገሩ የበለጠ የሚያስገርመው በአውሮፕላን ላይ ሲታይ ነው። ኖውላንና ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ባቀረቡት ጥናት፣ ካጠኗቸው የአውሮፕላን ክፍሎች መካከል በዕድሜ ምክንያት የመበላሸት ዕድላቸው እየጨመረ የሚሄደው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀሩት 89 በመቶ ላይ «ይህን ያህል ሰዓት ሠርቷልና ይፈታ» የሚል የዕድሜ ገደብ የሚረዳው ነገር አልነበረም። ይባስ ብሎ 68 በመቶ የሚሆኑት ለብልሽት ይበልጥ የተጋለጡት ገና አዲስ ተገጥመው ሳሉ ነበር! ጎማና ፍሬንን የመሳሰሉ እየተፋቁ የሚያልቁ ዕቃዎች በእርግጥ በዕድሜ ይለካሉ። በጊዜው ስለተባለ ብቻ ደህናውን ኩሽኔታ ፈትቶ፣ አዲሱን በመዶሻ በተሳሳተው ቀለበት በኩል እየወቀጡ ማስገባት ግን ብዮቹ ገና ከመጀመሪያው ቀን ቀለበቱን እንዲጎደጉዱት ያደርጋል። በሰፈራችን ጋራዥ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

እንግዲህ ዕድሜ ካልነገረን ዕቃው ራሱ መናገር አለበት። ይናገራልም፤ ግን በተራ ነው የሚናገረው። ስንጥቅ ሲጀምር ከሰው ጆሮ ወሰን በላይ የሆነ፣ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰጣል፤ ይህን የሚሰማው ልዩ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ብይ በተላጠችው ቦታ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ምት ይሰማል። ይህ ምት በስሌት ይታወቃል። ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ብዮቹን የያዘው ማቀፊያ በግምት 0.4 ዙር ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ 9 ብይ ያለው ኩሽኔታ በሴኮንድ 25 ጊዜ ቢዞር፣ 9 በ0.4 በ25 ሲባዛ የውጭ ቀለበቱ ጉዳት በሴኮንድ 90 ጊዜ ይመታል። ጉዳቱ በውስጥ ቀለበት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ 135 ጊዜ ይጠጋል። የንዝረት መለኪያ የያዘ ባለሙያ ማሽኑን ሳይፈታ የትኛው ቀለበት እንደታመመ የሚናገረው በዚህ ነው፤ ጥንቆላ የለበትም። ከዚህ በኋላ ነው በጆሮ የሚሰማው ፉጨትና ቁርጠማ የሚመጣው። ሙቀት ከዚያም በኋላ ይደርሳል። ጭስና ሽታ የመጨረሻዎቹ ናቸው። እኛ ወፍጮ ቤት ውስጥ ፉጨቱን «የመጀመሪያ ምልክት» ብለን ነበር፤ ለካ መንገዱ ተጋምሷል! ግራሶውም የተላጠውን ቦታ ለጊዜው በሽፋን አለስልሶ ድምፁን አፈነው እንጂ የተላጠውን ብረት አልመለሰውም።

የሞተር ዘይትም ይናገራል። ከሞተር የተቀዳ ጥቂት ዘይት ሲመረመር ብረት ከበዛበት የሲሊንደር ወይም የዘንግ መበላት፣ መዳብ ከበዛበት የቦኮላ መበላት፣ ሲሊከን ከበዛበት ደግሞ አቧራ በአየር ፊልትሮ በኩል መግባቱን ያመለክታል። በአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች ይህን ምርመራ የጀመሩት በ1940ዎቹ ነው። የሐኪም ቤት የደም ምርመራ ዓይነት ነው ብትሉት አትሳሳቱም።

ዕቃው ከተናገረ በኋላ ግን የሚሰማው ይጠፋል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1998 በኤሼዴ ከተማ አጠገብ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር የአንዱ መንኮራኩር የብረት ቀለበት በድካም ተሰብሮ፣ ባቡሩ ከድልድይ ጋር ተጋጨና 101 ሰው ሞተ። ከአደጋው በፊት በነበሩት ሳምንታት የባቡሩ ሠራተኞች ከዚያው መንኮራኩር ስለሚመጣው ድምፅና ንዝረት ደጋግመው አመልክተው ነበር። ስለዚህ አደጋ ሳነብ የአባቴ «ዘፈን ጀመረች እንዴ» ጆሮዬ ላይ ይደውላል።

ሁለተኛው ምሳሌ መሣሪያ እያለ ስለደረሰ አደጋ ነው፤ እኔን ብዙ ያስተማረኝም እሱ ነው። በአሜሪካ የባቡር ሐዲዶች ዳር የኩሽኔታን ሙቀት ባቡሩ ሲያልፍ ከሩቅ የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2023 ማታ የኖርፎክ ሳውዘርን ድርጅት 149 ፉርጎ የሚጎትት የጭነት ባቡር በኦሃዮ ግዛት ያልፍ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ የአንዱን ፉርጎ ኩሽኔታ ሲለካ ከአካባቢው አየር በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ አገኘው። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ሁለተኛው መሣሪያ 57 ዲግሪ ብልጫ አነበበ። የድርጅቱ ደንብ ባቡር ቆሞ እንዲመረመር የሚያዘው ብልጫው ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ነበርና ሁለቱም ቁጥሮች ባቡሩን ሳያስቆሙ አለፉ። ሦስተኛው መሣሪያ ከዚያ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እዚያ ሲደርስ ብልጫው 141 ዲግሪ ሆኖ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ባቡር ነጂው ፍሬን ያዘ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ኢስት ፓለስታይን በምትባል ትንሽ ከተማ 38 ፉርጎዎች ከሐዲዱ ወጡ፤ ከእነዚህ 11ዱ አደገኛ ኬሚካል የጫኑ ነበሩ። እሳት ተነሣ፤ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወጣ።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ መምህር እንያቸው። 21 ብቻውን ምንም አይደለም። 57ም በደንቡ ባቡር የሚያስቆም አልነበረም። 21 ከዚያም 57 ግን፣ ያውም በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ተማሪ በወር ፈተና ከ100 90 ያገኝ የነበረ፣ በሚቀጥለው 75፣ ከዚያ 60 ቢያገኝ «ማለፊያው 50 ነው፣ አልፏል» የምንል ከሆነ በ35 ላይ ስናገኘው ምን እንላለን? ማለፊያ ነጥብ ተማሪውን ከደንቡ ጋር ያነጻጽራል። የእኔ ሐሳብ ዕቃን መከታተል የሚባለው ዕቃውን ከትናንቱ ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው የሚል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ትናንት የተጻፈ ቁጥር ያስፈልጋል። አባቴ ጆሮ አጥቶ አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ ወፍጮዋን ያውቃታል። ያጣው ደብተር ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም። ከተቋማችን ጓሮ ያለውን የውኃ ፓምፕ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቆሞ ሳለ እንጂ እየሠራ ሳለ የሚያስታውሰው የለም። ከጥገና ክፍሉ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቀን፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከስምንት ሳምንት በፊት መለካት ጀመርን። መሣሪያችን ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የተዋስነው ቴርሞሜትር፣ አንድ ረጅም ካቻቢቴና አንድ ደብተር ነው። ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ቴርሞሜትሩን ከኩሽኔታው ቤት ላይ በጥቂት ጭቃ አጣብቀን አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን። ካነበብነው ላይ የአየሩን ሙቀት እንቀንሳለን፤ ይህን ካላደረግን የቀዝቃዛ ጠዋትና የሞቃት ቀትር ቁጥሮች ያምታቱናል። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ የማይዞረው የብረት ሽፋን ላይ አሳርፈን፣ እጀታውን ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ጋር አስነክተን እናዳምጣለን። (በሚዞረው ዘንግ አጠገብ ነጠላ፣ ስካርፍና የተንጠለጠለ እጅጌ ይዛችሁ እንዳትቀርቡ! ቺንጋ ምን እንደሚያደርግ እኔ አይቻለሁ።)

የከበደን ድምፁን በቃል መጻፍ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዳችን ሁልጊዜ «ደህና ነው» እያለ ይጽፍ ነበር። ተጨቃጨቅንና «ደህና» የሚለውን ቃል ከደብተሩ አገድነው። አሁን የሚፈቀደው «እንዳለፈው ጊዜ» ወይም «ተለውጧል» ብሎ እንዴት እንደተለወጠ መግለጽ ነው። በእጅ ስልክ ድምፁን መቅዳትም ሞክረናል፤ አንዱ ስልክ ከሌላው ስለሚለያይ በአንድ ስልክ፣ ከአንድ ቦታ፣ በእኩል ርቀት ካልሆነ ለማነጻጸር አይሆንም።

በሞተሩና በፓምፑ መገናኛ በኩል ያለው ኩሽኔታ ከአየሩ የበለጠበት ልክ በስምንቱ ሳምንታት እንዲህ ነበር፦ 19፣ 20፣ 19፣ 21፣ 20፣ 20፣ 24፣ 27። ከመጠን በላይ ግራሶ መጨመርም ሙቀት ያወጣልና በመካከሉ የጨመረ ሰው እንዳለ ጠየቅን፤ የለም። ድምፁ እስከ ሰባተኛው ሳምንት «እንዳለፈው ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል፤ በስምንተኛው ግን ከአራታችን ሁለታችን «ቀጭን ነገር ተጨምሯል» አልን፣ ሁለቱ አልሰማንም አሉ። 27 ዲግሪ ብልጫ በእጅ ሲነካ እንኳ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለጥገና ክፍሉ ሠራተኛ ደብተሩን አሳየነው። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ሁለቴ አነበባቸውና የሞተሩና የፓምፑ ዘንጎች ከመስመር ወጥተው እንደሆነ፣ መገናኛው ላይ ያሉት ቡሎኖችም ላልተው እንደሆነ ቅዳሜ ፓምፑን አቁሞ ሊያይ ቀጠሮ ሰጠን። እስከዚያ ግራሶ እንዳይጨመር ለምነነዋል፤ ድምፁ እንዳይደበቅብን ነው።

ደብተሩ ከፓምፑ ቤት በር ጀርባ በገመድ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ ከተፈታ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ልኬት ማክሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ነው፤ ጆሮው ይሻላል የሚባል ሰው ካለ አምስተኛ አድማጭ እንፈልጋለን።